የቡሊት እርምጃና ሰባቱ እልልታ

እኔ ሙሉወርቅ ቆጥሬ ተሳስቼ አላውቅም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ ላይ ሁሉም ጣቱን ወደ እኔ ስለሚቀስር ነው። ስንት ብርጭቆ እንደ ወጣ፣ ስንቱ እንደ ተመለሰ፣ ማን ሁለት ማንኪያ ስኳር ማን አራት እንደሚፈልግ ሳልጽፍ በቃሌ እይዛለሁ። መተማ ሻይ ስሸጥም፣ ገዳሪፍ ገበያ ስሸጥም፣ በመጨረሻም ከከተማው ግማሽ ቀን ርቆ ካለው የወርቅ ጉድጓድ አጠገብ አራት እንጨት አቁሜ፣ ሳር ከድኜ ራኩባዬን ስተክልም ቆጠራዬ ያው ነው።

ጉድጓዱ የሐጅ በሺር ነው። እሱ ዱቄትና ገመድ ያቀርባል፤ ጉልበቱ የሠራተኞቹ ነው። ሴት ወደ ጉድጓድ አፍ ከቀረበች ወርቁ ይሸሻል ስለሚባል ራኩባዬ አርባ እርምጃ ርቃ ነው የተተከለችው። እኔ ከመጣሁ በኋላ ነው የወርቁ ሥር የተገኘው፤ ይህን ግን ማንም አያነሳልኝም።

ከላይ ያለውን ሥራ የሚመራው ተሻለ ነው፤ የአርማጭሆ ሰው፣ ደረቱ ሰፊ፣ አፉ ከደረቱ የሰፋ። እሱና ሁለት ጎበዞች የእንጨቱን መዘውር እያዞሩ ድንጋዩን በገመድ ያወጣሉ። ከታች የሚፈነቅሉትና የሚጭኑት ፍሰሃና ሃብቶም ናቸው። ሁለቱም ከሑመራ ወጥተው በሐምዳይት ወደ ሱዳን የተሻገሩ፣ ኡም ራኩባ መጠለያ የከረሙ ናቸው። ፍሰሃ አገሩ ሳለ የሒሳብ መምህር ነበር። ተሻለና ፍሰሃ አገር ቤት ቢገናኙ ምናልባት ሰላምታም አይለዋወጡም ነበር። እዚህ ግን አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች ሆነው አንድ ገመድ ይዘዋል፤ ገመዱን የለቀቀ ወንድሙን ገደለ ማለት ነው።

ከታች የተፈነቀለው ድንጋይ ሺህ ጆንያ ያህል ተከምሮ ነበር። የሠራተኞቹ ሕግ አጭር ነው፤ ድንጋዩ ሳያልቅ የሄደ ድርሻውን ጥሎ ሄደ። ለወራት የለፉበት ድርሻ ስለሆነ ማንም አይሄድም።

በዚህ መሃል ሐጅ በሺር ከገዳሪፍ መጣ። በጉድጓዱ አካባቢ ኔትወርክ ስለሌለ የሁላችንም መልእክት የሚመጣው በእሱ ስልክ ነው፤ እሱም የሚመላለሰው በሁለት በሦስት ሳምንት አንዴ ነው። ከመኪናው እንደ ወረደ ፍሰሃን አስጠራና ስልኩን ዘረጋለት። የፍሰሃ አማት፣ ወይዘሮ ለተሰንበት፣ ድምፃቸውን ቀድተው ልከው ነበር።

"ፍሰሃ ወደይ፣ ርግኣት ብሰላም ተገላጊላ" አሉ። ርግኣት ኡም ራኩባ የቀረችው የፍሰሃ ሚስት ናት፤ በሰላም ተገላገለች ማለታቸው ነው። ከዚያ እልልታ ተከተለ። ከእልልታው በኋላ ድምፁ ተቋረጠ።

ፍሰሃ እጁን ራሱ ላይ ጭኖ ቆመ። ሃብቶም አቀፈው። ተሻለም መዘውሩን ትቶ መጣና ወዲያው ክርክር ጀመረ።

"ወንድ ነው ሴት?"

"አልነገሩንም" አለ ፍሰሃ።

"እልልታው ነግሮህ የለም እንዴ! ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት። በእናንተ ስንት ነው?"

"በእኛም ሰፈር እንደዚያው ነው።"

"እንግዲያው ይቆጠር።"

አንዱ ስድስት ነው አለ፣ አንዱ ስምንት። በመጨረሻ ተሻለ ራሱ "ሙሉ ትቁጠር" አለ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርጌ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ሁለቴ ሰማሁ። አንዱ እልልታ ሲያልቅ ሌላው ይነሳል፤ በመካከሉ ትንፋሽ አለ።

"ሰባት" አልኩ ጣቶቼን አንስቼ። "ወንድ ነው።"

ደስታ ሆነ። አማርኛችን የማይገባው ሐጅ በሺር ጣቶቼን አይቶ ደነገጠ። "ሰብዓ? ሰባት ልጅ ወለደች?" ብሎ ጠየቀኝ። አንድ ነው፣ ወንድ ነው ብዬ በዓረብኛ ሳስረዳው "አልሐምዱሊላህ" ብሎ ተቀመጠ።

ፍሰሃ ሲስቅ ቆይቶ ድንገት ፊቱ ተለወጠ። ሐጅ በሺርን መልእክቱ መቼ እንደ ደረሰው ጠየቀው። ከዘጠኝ ቀን በፊት ነው። ልጁ ወንድ ከሆነ ክርስትና የሚነሳው በአርባ ቀኑ ነው፤ የቀረው ሠላሳ አንድ ቀን ነው። ከዚያ ላይ መንገዱ ሁለት ቀን ይበላል። መዘውሩ ደግሞ በቀን ከሃያ ጆንያ በላይ አውጥቶ አያውቅም።

"ሃምሳ ቀን" አለ ፍሰሃ። ለሒሳብ መምህር ከባድ ስሌት አልነበረም። "ሃምሳ ቀን ይፈጃል።"

ማታ ሻይ ሊጠጣ ሲመጣ ብርጭቆውን ይዞ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ።

"ምን ሆንክ ልጄ? ክርስትናው አንተ ባትኖርም ይነሳል እኮ" አልኩት።

"እትዬ ሙሉ፣ አባቴ የእኔ ክርስትና ላይ አልነበረም። ዘመቻ ላይ ነበር። እናቴ እስክትሞት ድረስ ያን ቀን ስታነሳ 'ብቻዬን ይዤህ ቆሜ' ነበር የምትለው። ርግኣትን ስሰናበታት ያን ቃል አንቺ አትይውም ብያት ነው የመጣሁት።"

ሻዩን ሞላሁለት።

በነጋታው ሐጅ በሺር ወደ ከተማ ሲመለስ የፍሰሃን መልስ ይዞ ሄደ፤ "ለአርባው እደርሳለሁ" የሚል። ኋላ እንደ ነገረኝ መልእክቱ አንዲት ምልክት ብቻ አሳይቶ ቀረ። ወዲያ ማዶ የደረሰ አይመስልም።

እኔ ግን በዚያ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። አርባ እርምጃ ርቄ ዓመት ሙሉ ያን ጉድጓድ ሳይ ነው የኖርኩት። ሴት አትቅረብ ይባላል እንጂ አትይ አይባልም። ጠዋት ሻይ ሊጠጡ ሲሰበሰቡ አፌን ከፈትኩ።

"ገመዳችሁ ሰነፍ ነው።"

"ገመድ እንዴት ይሰንፋል?" አለ ተሻለ።

"እናንተ ትለፋላችሁ፣ እሱ ቁጭ ይላል። ባልዲው ይወርዳል፤ እነፍሰሃ በአካፋ እስኪሞሉት ገመዱ ቆሞ ይጠብቃል። ይወጣል፤ አንተ እስክትገለብጠው ደግሞ ይቆማል። እኔ በአንድ ብርጭቆ ብሸጥ ይህን ሁሉ ሰው አጠጣ ነበር? አንዱ ሲጠጣ አንዱ ይታጠባል፣ አንዱ ይቀዳል። አንድ ባልዲ ይዛችሁ ሺህ ጆንያ ልታወጡ?"

ሁሉም ሳቁ፤ ፍሰሃ ግን አልሳቀም። ብርጭቆዎቼን በአንድ መስመር ደረደረና አንዱን ሲያነሳ፣ አንዱን ሲያስቀምጥ ቆየ።

"እውነቷን ነው" አለ። "ከመኪና ጎማ ሁለት ባልዲ ሠርተን እንጨምር። አንዱ ሲወጣ ሌላው ተሞልቶ ይጠብቃል። ገመዱ የሚመጣው ሊያነሳ ብቻ ይሆናል።"

"መዘውሩስ?" አለ ሃብቶም። "ገመዱ ቢተጋም ክንድ ይዝላል።"

እዚህ ላይ ሁሉም ቡሊትን አዩ። ቡሊት አህያዬ ናት፤ ከራኩባዬ ጀርባ ታስራ ሳር ታኝካለች። ውሃ የማመላልስባት ናት እንጂ የተወለደችበት ሥራ ሌላ ነው። የገዛኋት ሸዋክ አካባቢ ካለ የጉድጓድ ጌታ ነው፤ ዕድሜዋን ሙሉ ገመድ እየጎተተች ከጉድጓድ ውሃ ስታወጣ ኖራለች። ገመዱን በሞተር ሳይክል ቸርኬ ላይ አሳልፈን ለእሷ ብናስርላት ቀጥ ብላ እየሄደች ባልዲውን ታወጣዋለች።

ተሻለ ተቆጣ። "እኔ ሁለት ዓመት ያዞርኩትን መዘውር ለአህያ ላስረክብ? ሰው ምን ይለኛል? ደግሞ አህያዋን የሚነዳው ማን ነው? ሙሉ ጉድጓድ አፍ ልትቆም?"

"ወርቁ እንዳይሸሽ ነው?" አለ ፍሰሃ። "ድንጋዩ ተፈንቅሎ ተከምሯል። በምን እግሩ ይሸሻል?" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ተሻለ፣ እኔ አበልጅ የምመርጥበት ዘመድ እዚህ የለኝም። ልጄን ክርስትና የምታነሳልኝ አንተ ነህ። ግን ደርሰን ነው" አለው።

የክርስትና አባት መሆን ቀላል ነገር አይደለም፤ ሲያድግ የሚጠራህ፣ ስትሞት የሚያለቅስልህ ልጅ ነው። ተሻለ ደግሞ ልጅ የለውም። ብርጭቆውን አስቀመጠና "ቸርኬው የት ነው ያለው?" አለ።

ቡሊትን ባሰርንበት ቀን ጉድጓዱ ሠርግ ቤት መሰለ። የሌላ ጉድጓድ ሰዎች ሳይቀሩ ሥራቸውን ጥለው መጡ። እኔ ነጠላዬን አስተካክዬ፣ ወርቁን ይቅርታ ጠይቄ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የጉድጓዱ አፍ ላይ ቆምኩ። ፍሰሃ ከታች ገመዱን ሁለቴ ነቀነቀ፤ ሳቡ ማለቱ ነው። "ሂጂ ቡሊት" አልኳት። ጆሮዋን አንዴ ወደ ኋላ አድርጋ ሄደች። እንዴት ያለ አካሄድ ነው፤ ገመዱ አይንቀጠቀጥም፣ ቸርኬው ይዘፍናል። ሰዎቹ አጨበጨቡ።

ከዚያ ቆመች።

ተሻለ ወደ ጉድጓዱ አጎንብሶ አየ። "ባልዲው ገና ታች ነው። አምስት የሰው ቁመት ይቀረዋል።"

"ሂጂ" አልኳት። አልሄደችም። ዞረችና ወደ እኔ መመለስ ጀመረች። ባልዲው ወደ ታች መውረድ ሲጀምር ከታች የሃብቶም ጩኸት ተሰማ። እንደገና ሞከርን። እዚያው ቦታ፣ አንዲት የግራር ቁጥቋጦ አጠገብ ደርሳ ቆመች። ሳር ይዘን ከፊቷ ሄድን፤ ሳሩን አየችና ናቀችው። ተሻለ ዱላ አነሳ።

"በዱላ የሚማር ቢሆን አንተ እስካሁን ሊቅ ትሆን ነበር" አልኩት። እሱም የኋላ እግሯን አየት አድርጎ አሰበና ባዶውን ባልዲ በእርግጫ መታው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኸው ነው።

ሰው ሁሉ ሲስቅ ፍሰሃ ከጉድጓድ ወጣ። ፊቱ አቧራ ብቻ ነበር። ከጉድጓዱ አፍ እስከ ግራሯ እየረገጠ ለካ፤ ተመልሶ ደግሞ ለካ።

"እትዬ ሙሉ፣ ሸዋክ ያለው ጉድጓድ ጥልቀቱ ስንት ነበር?"

ትዝ አለኝ። ባለቤቱ ሲሸጥልኝ ስለ ጉድጓዱ ሲመካ ሰምቼዋለሁ። "አስራ አንድ የሰው ቁመት።"

"የእኛ አስራ ስድስት ነው" አለ ፍሰሃ። "እሷ አስራ አንድ ሄዳ ሥራዬን ጨርሻለሁ ነው የምትለው። ከእሷ አንፃር እውነቷን ነው።"

የቀረውን አምስት ከየት እናመጣለን? ሁለት ቀን ተከራከርን፤ ሁለት ቀን ሙሉ ቡሊት አስራ አንዷን እየሄደች ተመለሰች። እኔ ሌላ አህያ እንፈልግ አልኩ። ተሻለ ወደ መዘውሩ እንመለስ አለ። ፍሰሃ ግን በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሻዩን ሳይጨርስ ተነሳ።

"አህያዋን ወደ ጉድጓዱ ማስተካከል አቃተን። ጉድጓዱን ወደ አህያዋ እናስተካክለው።"

ከጉድጓዱ ወለል አምስት ቁመት ከፍ ብሎ፣ ድሮ የወርቁን ሥር ፍለጋ ወደ ጎን ተቆፍሮ ባዶውን የቀረ ዋሻ ነበር። የፍሰሃ ሐሳብ ይህ ነው፤ ተሻለ የሚያዞረው መዘውር ዋሻው ውስጥ ይተከል። እነሃብቶም ከወለሉ የሚሞሉትን ተሻለ አምስት ቁመት ብቻ ይሳብና ዋሻው ላይ ያከማች። ከዋሻው እስከ አፉ ያለው ልክ አስራ አንድ ነው፤ እሱ የቡሊት ነው። እሷ ስታወጣ ተሻለ ቀጣዩን ያነሳል፣ እነሃብቶም ሌላውን ይሞላሉ። ማንም ማንንም አይጠብቅም።

"እኔ ጉድጓድ ልግባ?" አለ ተሻለ። ሁለት ዓመት ከላይ ቆሞ ያዘዘ ሰው አንድ ቀን ወርዶ አያውቅም ነበር።

"ለአበልጅነት ነው" አልኩት።

ሦስቴ አማትቦ ወረደ።

እውነቱን ልናገር፤ ከዚያ በኋላ የነበሩት ቀናት በሕይወቴ ደስ ካሉኝ ቀናት ውስጥ ናቸው። ተሻለ ከዋሻው ሲዘፍን ድምፁ በጉድጓዱ ውስጥ አድጎ ቅኔ ማህሌት የቆመ ደብተራ ይመስላል። እነሃብቶም ከሥር ይቀበሉታል። እኔ ከላይ ሻዬንም አህያዬንም እጠብቃለሁ፤ ቡሊት ግራሯ ጋ ስትደርስ ማንም ሳያዛት ትቆማለች፣ ባልዲው አፉ ላይ ይደርሳል፣ ጎበዞቹ ፈትተው ባዶውን ያስራሉ፣ እሷ ዞራ ትመለሳለች። በመጀመሪያው ቀን ሠላሳ አራት ጆንያ ወጣ። በሳምንቱ አርባ አምስት ደረሰ፤ ከዚያ በታች ወርዶ አያውቅም። ሐጅ በሺር ዱቄት ይዞ ሲመጣ ክምሩን አይቶ፣ እኔን ጉድጓዱ አፍ ላይ አይቶ፣ ደግሞ ክምሩን አይቶ ችግር የለም ለማለት "ማፊ ሙሽኪላ" አለና ሻይ ጠየቀኝ።

የመጨረሻው ባልዲ ሲወጣ ልጁ ሠላሳ ሰባት ቀኑ ነበር። ፍሰሃ ከጉድጓዱ ወጥቶ የቡሊትን አንገት አቅፎ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፤ አቧራ ነው ብዬ አላመካኝም።

ሐጅ በሺር ቡሊትን ሊጠብቅልኝ ተስማማ። ክርስትናው እንዳያመልጠኝ ስል እኔም ከፍሰሃ፣ ከሃብቶምና ከተሻለ ጋር ተነሳሁ። ከገዳሪፍ በጭነት መኪና ስንወርድ ዝናብ የጠገበ ደመና ከኢትዮጵያ በኩል ይመጣ ነበር፤ ለዘር ወደ ፋሽጋ የሚሄዱ ትራክተሮች መንገዱን ሞልተውታል። ተሻለ አዲስ ሸሚዝ ገዝቷል። ለልጁም ከገበያ ትንሽ የወንድ ልጅ ጫማ ገዝቶ በኪሱ ይዟል፤ በየመንገዱ እያወጣ ያየዋል።

ኡም ራኩባ በሠላሳ ዘጠነኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ደረስን። ወይዘሮ ለተሰንበት ከጎጆው ደጃፍ ተቀምጠው ነበር። ፍሰሃን ሲያዩ ተነስተው ፊቱን በሁለት እጃቸው ያዙት። ርግኣት ከውስጥ ሕፃን ታቅፋ ወጣች። ሕፃኑን ሰጠችው።

ፍሰሃ እያየ ቆየ። ከዚያ "ነገ ስንት ሰዓት ነው?" አለ።

"ነገ ምን አለ?" አለች ርግኣት።

"ክርስትናው። አርባው ነገ አይደለም?"

ርግኣትና እናቷ ተያዩ። "ፍሰሃ" አለች ርግኣት፣ "ሴት ናት እኮ። የሴት ሰማንያ ቀን ነው።"

ፍሰሃም፣ ሃብቶምም፣ ኪሱ ውስጥ ያለውን ጫማ የጨበጠው ተሻለም፣ ሁሉም ዞረው እኔን አዩኝ።

"ሰባት ነበር!" አልኩ። "ሁለቴ ነው የሰማሁት፣ ሰባት ነው!"

ተሻለ "ዓመት ሙሉ ሻይ ስትቆጥሪብኝ ከረምሽ" አለኝ።

ወይዘሮ ለተሰንበት ነገሩ ሲገባቸው እጄን ያዙኝ። አማርኛቸው ጥሩ ነው፤ ቀስ ብለው ተናገሩ። "ልክ ነሽ ልጄ። ሰባት ነው። እኛ ሦስት ብለን ጨረስን። ዝም ልንል ስንል ከዚያች ጎጆ ጎረቤታችን ፅገ አራተኛውን ጀመረች። ፅገ ከሑመራ ከወጣን ወዲህ አፏን ለእልልታ ከፍታ አታውቅም ነበር። ምን ለማለት ፈልጋ እንደ ሆነ እንጃ። አምስት አለች፣ ስድስት አለች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። ሴት ናት፣ በቃሽ ብሎ ማን ይከልክላት?"

ፍሰሃ ልጁን ደረቱ ላይ አስጠግቶ መሬት ላይ ተቀመጠ። መጀመሪያ ያለቀሰ መስሎኝ ነበር፤ ኋላ ሳየው እየሳቀ ነው።

"አርባ ቀን ተረፈኝ" አለ። "አርባ ቀን ሙሉ ምንም ሥራ የለኝም።"

በዚያው ሌሊት ዝናቡ መጣ። ኡም ራኩባንም፣ ገዳሪፍንም፣ የእኛን ጉድጓድም አንድ ላይ መታው። ከሁለት ቀን በኋላ የሐጅ በሺር መልእክት ደረሰን፤ ጉድጓዱ እስከ አፉ ሞልቷል፣ አፉም ተንዷል፣ አህያዋ ደህና ናት ይላል። ፍሰሃ ወዲያው በጣቱ አሰላ። ሴት መሆኗን አውቀን በድሮው መዘውር ተረጋግተን ብንሠራ ኖሮ አራት መቶ ጆንያ ውሃ ውስጥ ይቀር ነበር። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም ይባላል፤ እኛን ወደ ድግሱ በእልልታ ነው የጠራን።

አንድ ነገር ብቻ አልተፈታም ነበር። ወንድን የሚያነሳው የክርስትና አባት ነው፤ ሴትን ግን የክርስትና እናት ናት። ፍሰሃ ሊነግረው ሲፈራ ተሻለ ራሱ ቀደመ። ጫማዋን ለርግኣት ሰጠና "ጫማ ጫማ ነው፣ ታድርገው" አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "በሰባት እልልታ ልጄን ነጠቅሽኝ። ምን አደርጋለሁ፣ ተነሽና አንሺያት። በእውነቱ ከሆነ ግን የሚገባው ለቡሊት ነበር።"

በሰማንያ ቀኗ የመጠለያው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ታቅፌያት ቆምኩ። ርግኣት ከአጠገቤ፣ ፍሰሃም ከአጠገቧ ነበር፤ ብቻዋን አልቆመችም። ስንወጣ ፅገ ደጃፍ ላይ ትጠብቀን ነበር። እልል አለች፤ እኔም ተቀበልኳት። ስንት እንዳልን ተሻለ ኋላ ጠየቀኝ። አልቆጠርኩም አልኩት።